ጠመንጃ የማይፈራው ፕሮቶን

ሰው የሚኮራበት አያጣም። አንዱ በአባቱ መሬት ይኮራል፣ አንዱ በበሬው፣ አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ (ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች) ከሃያ ዓመት በፊት በነበራት ወገብ። እኔ የምኮራው በፕሮቶን ነው።

አትሳቁ። ፕሮቶን ከአቶም እምብርት የሚገኝ፣ እንኳን በዓይን በሐሳብም ለመያዝ የሚያስቸግር ቅንጣት ነው። ጣና ዳር ጎንበስ ብላችሁ አንድ እፍኝ ውኃ ብትጨልፉ ዕድሜ ልካችሁን ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። እያንዳንዱ እንደ እንዝርት የመሾር ጠባይ አለው፤ ደቃቅ ማግኔትም ነው። የሳይንስ መጻሕፍት «እንደ እንዝርት» ባሉ በሚቀጥለው መስመር «እንዝርት ግን አይደለም» ይላሉ፤ ምሁር እንዲህ ነው፣ ሰጥቶ ይነሣል። ለእኔ የበቃኝ ይኸ ነው፦ የማግኔትነቱና የሹረቱ ጥምርታ የትም አይለወጥም። የዘጌውም የሞስኮውም አንድ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ በደርግ ዘመን፣ ማታ ጓድ ተብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ፀረ ሕዝብ ሆኖ በሚነሣበት ጊዜ፣ የማይለወጥ ቁጥር።

ከጥምርታው ጋር የተዋወቅሁት በሥራ ነው። አንድ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጥቶ ከዘንዘልማ እስከ ሐይቁ ዳር የምድሩን ማግኔትነት ይለካ ነበር፤ ከሥር ያለው ድንጋይ ዓይነቱ በዚያ ይታወቃል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ብሆንም የእጅ ጽሕፈቴ የተመሰገነ ነውና በጊዜያዊ መዝጋቢነት ተቀጠርሁ። መሣሪያው በረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ላምባ የተሞላ ዕቃ ነው። ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪኩ የላምባውን ፕሮቶኖች ባንድ ጎን ያጋድማቸዋል። ሲለቃቸው፣ ሊወድቅ የተቃረበ እንዝርት አናቱን ክብ እያዞረ እንደሚንገዳገድ እነሱም ይንገዳገዳሉ። መሣሪያው መንገዳገዱን ይቆጥርና በዚያች በማትለወጥ ጥምርታ አስልቶ የምድሪቱን የማግኔት ጉልበት ይናገራል። ኢንጂነሩ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ አበደ። አንድ ቦታ ቆመን ሦስት ጊዜ ብንለካ ሦስት መልስ። ኢንጂነሩ መዝገቡን ከእጄ ቀማኝ።

«የምጠራውን አትሰሚም እንዴ? ከነገ ወዲያ ሌላ መዝጋቢ አስመጣለሁ።»

ሥራውን ብቻ ቢወስድብኝ ባልከፋ። «ያቺ እኮ አንባቢ ናት» የተባልሁበትን ስሜን ነው የሚወስደው።

ከመሣሪያው ጋር የመጣች ቀጭን የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበረች። በየምሳ ዕረፍቱ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልሁ ጨርሻታለሁ። ብረት አታስጠጉ ትላለች። እኔ የጸጉሬን መያዣ ከመጀመሪያው ቀን በእንጨት ለውጫለሁ። ኢንጂነሩም ቀበቶና ቁልፉን መኪና ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ መኳንንት ግን ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ «ለደኅንነታችሁ» ብለው፣ ክላሽንኮቭ አንግተው፣ ከዘንጉ ሥር አልጠፋ ብለዋል። ኢንጂነሩ ይህን አላየም አልልም። ባለጠመንጃ ከመውቀስ መዝጋቢ መውቀስ ይቀላል።

ረቡዕ ጠዋት ፊታቸው ቆምሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠመንጃዎን እዚያ ዋርካ ሥር ያስቀምጡልን።»

ኢንጂነሩ አመድ መሰለ።

«ማን ነው ያዘዘሽ?» አሉ።

«ፕሮቶን።»

«እሱ ደግሞ የየትኛው ኮሚቴ ነው?»

«ኮሚቴ የለውም። ብረት ሲጠጋው ይሳሳታል። የእርስዎ ይሁን የጠላት አይለይም።»

«የአብዮቱን ጠመንጃ ከጠላት አይለይም ነው የምትይኝ፣ ጓዲት?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ በዚያ ዘመን ስንቱን እንደበላ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ግን ጀምሬዋለሁ፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

«አስቀምጠው ይዩት። ቁጥሩ ካልተስተካከለ እኔን ይሰሩኝ» አልሁ።

ሄደው ጠመንጃውን ዋርካው ሥር አጋደሙትና «ለካ» አሉ ኢንጂነሩን።

የቁጥሩ መዝለል ጠፋ። ግን አልጠራም፤ ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ ሐይቁ ሲያዞር አንድ ቁጥር፣ ወደ እርሻው ሲያዞር ትንሽ የተለየ።

«አየሽ» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ጓድ መኳንንት ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ ዞሩ። «እኔ ጠመንጃዬን አውርጄ ሌላው ብረት ይዞ አይቆምም። እኩልነት ነው» ብለው ፍተሻ ጀመሩ። እኔ ዘንድ እንጨት አገኙ። እሱ ዘንድ ኪሱ ባዶ፣ ወገቡ ባዶ።

«ጫማህን አንሣ።»

አነሣ። ግሽ አባይ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ በዚያው ሳምንት አዲስ ሶል መትቶለት ኖሮ፣ ተረከዙ ዙሪያውን በሚስማር ተሰድሯል።

በባዶ እግሩ እሾህ እየሸሸ ለካ። ሦስት ጊዜ፣ በሁሉም አቅጣጫ፣ ሦስቱም አንድ። ሌላ መዝጋቢ የማምጣት ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

«የትናንቱ ስሕተት ምክንያቱ ይመዝገብ» አልሁ።

«ብረት ነበር በይና እለፊው» አለ ኢንጂነሩ።

«የማን ብረት?» አሉ ጓድ መኳንንት፣ ቀድመውኝ።

በጥሩ ጽሕፈቴ ጻፍሁ፦ «የሊቀመንበሩ ጠመንጃና የኢንጂነሩ ጫማ። መዝጋቢዋ ብረት አልያዘችም።» ኢንጂነሩ ሳያየኝ ፈረመ። ጓድ መኳንንት ግን ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ።

«ጎበዝ» አሉ እየፈረሙ። «ጠመንጃውን ከጫማው አስቀድመሻል። ማዕረግ ታውቂያለሽ።»