በጭብጨባ የተተከለ ጸጉር

ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። ከዋና ኃላፊው ራስ በላይም ከነፋስ በቀር ምንም እንደሌለ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቢያውቅም፣ ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ ኖሯል። አሁን ግን ጡረታቸው ደረሰ። የሥራ ዘመናቸው ይራዘም እንደሆነ ቦርዱ በሁለት ወር ውስጥ ይወስናል። ስለዚህ ኃላፊው ወጣት መስለው መታየታቸው የተቋሙ የህልውና ጉዳይ ሆነ።

ወዲያው በምክትላቸው ሰብሳቢነት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ወር ሙሉም ሁለት የጸጉር ንቅለ ተከላ ዘዴዎችን አነጻጸረ። በአንደኛው ዘዴ ሐኪሙ ከማጅራት በላይ እንደ ጥብጣብ ቀጭንና ረጅም ቆዳ ቆርጦ ያነሣል፤ ጸጉሩን ከነሥሩ ለያይቶ መላጣው ላይ ይተክላል። ኋላ ላይ አንድ ረጅም ጠባሳ ይቀራል። በሁለተኛው ከዚያው ስፍራ ጸጉሩ ከነሥሩ አንድ በአንድ እየወጣ ይተከላል፤ የሚቀረው ነጠብጣብ ነው።

ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፈለ።

«መስመር ሥርዓት ነው!» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«ነጠብጣብ ግን ፍትሐዊ ነው፤ ለሁሉም ቦታ ይዳረሳል» አለች የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ።

ማንም እንዳይከፋው በግራ በኩል አንደኛው፣ በቀኝ በኩል ሁለተኛው ዘዴ እንዲፈጸም፣ ለእኩልነትም ሲባል የኃላፊው ራስ ከኋላ በኩል እስከ ቦርዱ ቀን ሙሉ በሙሉ እየተላጨ እንዲቆይ በጭብጨባ ጸደቀ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ራስዎ እኮ አንድ ነው።»

«ኮሚቴው ግን ሁለት ነው» አሉ ኃላፊው።

«እንግዲህ ይወቁት፤ የተተከለው በሳምንታት ውስጥ መጀመሪያ ይረግፋል። መልሶ የሚበቅለው ከወራት በኋላ ነው። ለስብሰባዎ...»

«ዶክተር! እኛ ዘንድ ተስፋ አስቆራጭ ንግግር ክልክል ነው።»

በቦርዱ ቀን የተተከለው ረግፎ አልቆ ነበር። ኃላፊው እጅ ለመንሣት ጎንበስ ሲሉ፣ ድሮ ጸጉር የነበረበት ኋላቸው በግራ ተሰምሮበት፣ በቀኝ ነጠብጣብ ሆኖ ታየ።

«እኔን! ምን አግኝቷቸው ነው?» አሉ አሮጊቷ የቦርድ ሰብሳቢ።

«ሁሉንም ያደረጉት ለመሥሪያ ቤቱ ሲሉ ነው» አለ ምክትሉ በታማኝነት።

«እንዲህ የተጎዳ ሰውማ ይረፍ እንጂ!»

ቦርዱ በከፍተኛ ርኅራኄ ጡረታቸውን አጸደቀ። በምትካቸው ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንዲት ጸጉር የሌለውን ምክትላቸውን ሾመ። «የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ጤነኛ ራስ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ።

የተተከለው ጸጉርም ሐኪሙ እንዳለው ከወራት በኋላ፣ ግራ ቀኙ ሳይለይ፣ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። የቀድሞው ኃላፊ ባለቤት፣ እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ሲያበጥሩ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት ለሚውል ሰው እኮ ኮፍያ ይበቃው ነበር።»