ከሸክላ ስባሪ ጋር የገባሁበት ጣጣ

«አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከሽማግሌ አፍ ማስወጣት፣ ከአህያ አፍ ገብስ ከማስጣል ይብሳል! ካላመናችሁ የእኔን ጉድ ስሙ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት መርካቶ ሸክላ ስሸጥ ነው። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈም፤ ሸክላ ግን... በጣቴ ቋ! አድርጌ ድምፁን ከሰማሁ፣ ስንጥቁ የት እንደተደበቀ እነግራችኋለሁ። እስከ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ የታወቅሁ ነኝ። (ይህንን የምለው እኔው ነኝ እንግዲህ።)

አንድ ጠዋት አንድ ባለመነጽር ሰውዬ መጣ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የጥንት ዕቃ የሚመረምር፣ የጃንሆይ መንግሥት ሠራተኛ ነው። ከጥጥ ውስጥ አንዲት የሸክላ ስባሪ፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብሎ አወጣ። መዳፍ ታክላለች፤ ጠርዟ በጥፍር የተጫኑት ይመስላል፤ መሐሏ አምስት ቦታ ተበስቷል፤ ጥላሸት ለብሳለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጽሕፈት የሚባል ነገር ሳይኖር የተሠራች ናት። መሰሏን አይተን አናውቅም። እርስዎ ሸክላ ያውቃሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁ። ለምን ታገለግል ነበር?»

በዕድሜም በምላስም የሚበልጡኝ ጎረቤቴ፣ እትዬ ሽቱ፣ ከገንቦዎቻቸው መሐል አንገታቸውን አሰገጉ። የሸክላ ተራው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ! እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት «አላውቅም» ልበል?

«ልጄ፣ ይሄ በአንድ እይታ የሚነገር አይደለም። እስከ ነገ ተውልኝ።»

ሰውየው አመነታ። «አደራ ጋሼ! ያለችን እሷው ብቻ ናት።»

«ለማን ሰጠህና!»

ሄደ። ቋ! አደረግኳት... ዝም። አሸተትኳት... ዝም። ማጥለያ ናት? የቀፎ ክዳን? «የጋረደኝ እድፏ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ እጄ ጭንቅላቴን ቀደመው። ባለሸክላ ነኛ! በአመድ ፈተግኳት፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ቀባኋት፤ ፍም ላይ ጥጄ እንደ አዲስ ድስት አሟሸኋት። እንዴት አበራች መሰላችሁ!

በማግስቱ ሰውየው መጣና አያት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እንደገና አያት።

«ጋሼ... ጥላሸቱስ?»

«አጠብኩልህ!» ኩራቴን ብታዩት።

«ምን ይበስልባት እንደነበር የሚነግረን እኮ ያ ጥላሸት ነበር! ገና ልንመረምረው...»

እትዬ ሽቱ ደግሞ አያልፉኝም፦ «ስንት ሺህ ዘመን ምስክሯን ይዛ ቆይታ፣ አንተ በአንድ ከሰዓት አፏን ዘጋሃት?»

«ልጄ» አልኩ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ «ለምን እንደምታገለግል አላውቅም። ትናንትም አላውቅም ነበር።»

ለካ ይህን ማለት አይገድልም! ሰውየው ደብተሩን አወጣ። «በሉ ያደረጉባትን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።» ነገርኩት፤ አመዱንም፣ ጎመን ዘሩንም፣ ፍሙንም። እሱ ሲጽፍ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ከወራት በኋላ ሰውየው መሥሪያ ቤቱ ወስዶ አሳየኝ። ስባሪዋ በመስተዋት ሣጥን ተቀምጣለች። ሥሯ ያለችውን ወረቀት እየተንተባተብኩ አነበብኳት፦ «አገልግሎቷ አልታወቀም። ቅባቱ የዘመኑ እንጂ የጥንት አይደለም።»

እፍረቴን ምን ላድርገው? ግን ልንገራችሁ... በዚህ ዕድሜዬ፣ ከእኔ እጅ የወጣ ነገር «የዘመኑ ነው» ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ሲጻፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው!