የመኪና ራስ ምታትና የኔ ላም

ወንድ ልጅ ለሰው ራስ ምታትና ለመኪና ራስ ምታት ያለው ርኅራኄ እኩል አይደለም። አላምንም የምትል ባለትዳር ካለች ቤቷ ገብታ ትፈትነው። እኔ ራሴን ሲፈልጠኝ ሃምሳ አለቃ፣ ማለትም ባሌ፣ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ «ሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪበት» ይለኛል። የመኪናው ራስ ሲታመም ግን እህል አይቀምስም፣ ሬዲዮ አይከፍትም፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይመልስም። ነገሩን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ፣ ተቆጥቼ ባወራችሁ አትፍረዱብኝ።

ሃምሳ አለቃ እዚሁ ነጌሌ ጦር ሰፈር ሹፌር ሆኖ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሲወጣ እሱም በበኩሉ ጡረታ የወጣች ፒክአፕ ፈልጎ ገዛ። ሁለት ጡረተኛ በአንድ ግቢ፣ እኔ ደግሞ የሁለቱም አስታማሚ። ከሊበን ገጠር እህል እየጫነ ቤቱን ሊያኖር ነበር ሐሳቡ። ቤቱን ያኖረችው ግን ቡሬ ናት። ቡሬ ላሜ ናት። ወተቷን ለቁርስ ቤቶች እያስረከብኩ ልጆቼን አስተምሬባታለሁ። ጨው አለቀ፣ ሳሙና አለቀ ብዬ የባሌን ኪስ የማላይ ሴት ያደረገችኝም እሷ ናት። ይህ ቀላል ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ ከሃምሳ አለቃነት ይበልጣል።

አንድ ቀን ታዲያ ያቺ ፒክአፕ ከወደራ ከተማ ስትመለስ ነጭ ጭስ እያግተለተለች ገባች። ኮፈኑ ሲከፈት ራዲያተሩ ይንተከተካል። መካኒኩ ጋሽ ተሾመ ተጠርቶ መጣና የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳየን። ዘይቱ ነጥቷል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል አለ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በራሱና በገላው መካከል የሚነጠፍ ስስ ነገር ነው፤ እሱ ሲቃጠል ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባና እንዲህ ወተት ያስመስለዋል ብሎ አስረዳን። እሰይ፣ በስተርጅናዋ ታለበች አልኩ። ማንም አልሳቀም። መኪና ታሞ ማን ይስቃል?

ሕክምናው ቀጠለ። ራሷ ተነስቶ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ቶርኖ ቤት የጎበጠው ፊቱ ይላጫል፤ ከዚያ በአዲስ ጓርኒሲዮን ተመልሶ ይታሰራል። በኛ አገር ራሷን የምትላጭ ሴት ሐዘን የደረሰባት ናት፤ ይቺ ማን ሞቶባት ነው የምትላጨው? ብዬ ጠየቅሁ። ሃምሳ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገና ዓይኑን ወደ በረቱ ላከ። ለካ ሐዘኑ የኔ ኖሯል! ለማሳከሚያው ቡሬ ትሸጥ ነው የሚለው።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። አሮጌ መኪና ማሳከም ማለቂያ አለው? ራሷን ሲያክሙላት ወገቤን ትላለች፤ ወገቧን ሲያቃኑላት እግሬን ትላለች። ሽጣት፤ የሚገዛህ ካጣህ ግቢ ትቁምና ዶሮዎቼ ይፈልፍሉባት አልኩት። እሱ ደግሞ ሞተሯ እኮ ገና ልጅ ነው ይለኛል። ገና ልጅ! እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከዳነች በወራት ውስጥ ሁለት ላም ትገዛልሻለች ብሎ ማለልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለባሌ ነው፤ ለዚያውም የሱ የሚብሰው በረት ያለችውን ሽጦ የሰማዮቹን ሊያልብ መነሳቱ ነው።

እምቢ አልኩ። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሽማግሌ ላከብኝ! እኔን ከአባቴ ቤት ሲጠይቅ የላከው ሁለት ሽማግሌ ነበር፤ ለጓርኒሲዮን አራት ላከ። ነጫጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም ብለው በዚያ ፀሐይ ደጄ ላይ ተገተሩ። መሪያቸው በጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ልጃችን ሃምሳ አለቃ ክፉ ችግር ገጥሞታል፣ አንቺ ደግሞ የጨዋ ልጅ ነሽ እያሉ ሲናገሩ ለማያውቅ ሰው ባሌ ታስሮ ዋስ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ አዴ ሎኮ ገባች። «አካም፣ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ?» ብላ የሁሉንም ሰላም በየተራ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ነገሩን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ዋቅ! ብረት ታመመ ተብሎ ላም ይሸጣል እንዴ? ላም ታማ ብረት ቢሸጥ እሺ» አለች። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ፍርድ ቤትም አይገኝም። ሽማግሌዎቹ ግን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። የቆመ ሽማግሌ አሳፍራ የምትመልስ ሴት ደግሞ በሰፈራችን ስሟ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተቃጥዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡና ከብትሽን ያርባልሽ ብለው መረቁኝ። ላሜን እያሸጡኝ!

ገዢው የሻኪሶ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ወጣት። በኛ ከተማ ወርቅ እንጂ ወተት አይገኝም፣ ከነጥጃዋ ለቤቴ ነው የምፈልጋት አለ። ብሩን ቆጥሮ ሰጠና ሌላ ጉዳይ ስላለብኝ እስክመለስ እናንተው ዘንድ ትቆይልኝ ብሎ ሄደ። እሱ እስኪመለስ የመኪናዋ ራስ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተላጭቶ መጣ። እኔም የገዛ ላሜን የሰው ላም ናት እያልኩ አለብኩ። ንዴት እንዲህ ጠዋትና ማታ ሲታለብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነጋዴው ተመልሶ የጭነት መኪና ሲያፈላልግ ሃምሳ አለቃ ደረቱን ነፍቶ እኔ እያለሁ? አለው። ቡሬ በሷ ዋጋ የዳነችው መኪና ላይ ተጫነች። ጥጃዋም አብራ ልትጫን ነበር፤ ባሌ ግን ሞተሩ ገና ከሕመም መነሳቱ ስለሆነ ሸክም አይብዛበት፣ ጥጃዋን በሁለተኛው ዙር አደርሳለሁ ብሎ ተዋት። ለመኪና እንዲህ ይታዘናል። መስታወቱን ወልውሎ፣ ነጋዴውን አሳፍሮ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ሄደ። እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩ ላይ ላም ጮኸች። ጥጃዋ ከውስጥ መለሰችላት። ወጥቼ ባይ ቡሬ ብቻዋን ቆማለች፤ ገመዷን እየጎተተች መጥታለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ባሌና ነጋዴው አቧራ ለብሰው በእግራቸው ደረሱ። ገና ከከተማው ወጣ እንዳሉ፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ መኪናዋ እንደ ልማዷ ነጭ ጭሷን ለቀቀች አሉ። እስክትበርድ ሸክም እናቅልላት ብለው ላሟን አውርደው ዛፍ ሥር አቆሟት፤ እነሱ ኮፈኑ ውስጥ ሲያጎነብሱ ላሟ ወደ ጥጃዋ ጉዞ ጀመረች።

ሃምሳ አለቃ ጋሽ ተሾመ ጋ ሊደውል ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ምን ላድርግ? ጡት የባለቤት ክርክር አይጠብቅም፤ አለብኳት። ነጋዴው ደጃፉ ላይ ተዘርግቷል፤ ነገ ሌላ መኪና ተከራይቼ እወስዳታለሁ እያለ ይተክዛል። እንግዳ ነውና፣ ላሟም የሱ ናትና፣ ከትኩሱ አንድ ጣሳ ሞልቼ ሰጠሁት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከንፈሩን ጠርጎ ላሟን አየ፣ እኔን አየ፣ ከልቡ አዝኖም «እትዬ፣ ይህን የመሰለ ወተት ያላትን ላም ምን ቢቸግራችሁ ነው የሸጣችሁልኝ?» አለኝ።

«እሷን ሻኪሶ የሚያደርስ መኪና ለማሠራት ነዋ!» አልኩት።