አምስትን ሰባት ጊዜ የደገመው አማች

ያለቀ ነገር ካልተቀጠለላቸው ዕረፍት የሌላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን እዚሁ ቤቴ ውስጥ ገጥመውኛል።

የልጄ እጮኛ አሸተን ማርያም ገዳም ለሚወጡ እንግዶች መንገድ መሪ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ሳምንት ሲቀረው መጣና ከልጄ ጋር ሲያወራ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት።

«ክፍል አምስትን ሰባት ጊዜ ደግሜዋለሁ» አላት።

 እኔ እንኳ አራተኛን ባንዴ አልፌ ነው ያቆምኩት! አምስተኛን ሰባት ዓመት ለደገመ ሰው ልጅ ይሰጣል?

ወጥቼ «የኔ ልጅ፣ ምኑ ከበደህ? ሒሳቡ ነው?» አልኩት።

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ለካስ የደገመው የሚወዱትን የቪዲዮ ጌም ነው! ክርክራቸው ክፍል ስድስት ይሠራ አይሠራ የሚል ኖሯል።

«እናቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ። «ጀግናው አምስት ክፍል ሙሉ ሲዋጋ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱ ገባ። ስድስተኛ ከሠሩ እኮ ከቤቱ ሊያስወጡት ነው!»

«ያስወጡት! ገና ምኑ ደከመና!» አለች ልጄ።

ለእሱ ፈረድኩ። ቤት መግባት የሚወድ ባል እንደ ልብ ይገኛል እንዴ? ሽማግሌዎቹ በደስታ ይምጡ። ስጋቴ ግን አልለቀቀኝም፤ አሁን የምፈራው ለልጄ ሳይሆን ከቤት እንዳታስወጣው ለአማቼ ነው።