የፖስተሩ ነጭ ዳር

ልጆቼ፣ ታላቅ ሥራ ሳይወሳ እንዳይቀር ብዬ እንጂ እኔ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ለቡ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን ልለፈው፤ ምስጋና ሲበዛበት ያፍር ይሆናል። እዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ከበላይ ፖስተር ተላከ። ፈገግ ያለች ልጅ አለችበት፤ ከሥሯ «መስኮታችን ለእርስዎ ሁልጊዜ ክፍት ነው» ይላል።

ኃላፊው አቶ ደምሰው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ «ይህ በፕላስተር የሚለጠፍ ነገር አይደለም፤ ተቋማዊ ክብሩን የሚመጥን ፍሬም ይገባዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወዲያው የፍሬም መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማኅተም ያዡ ኢታና ሆነ፤ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ስብሰባ ገባ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ገዲሴ ውሃ ተቋርጦባት ነበር። ቆጣሪው በሟች ባሏ ስም ስለሆነ ወደ ስሟ እንዲዞር ከዚሁ መሥሪያ ቤት አንዲት ማኅተም ብቻ ቀርታታለች። ቢጫ ጄሪካኗን ይዛ ትመጣለች፤ ስትመለስ ከዘመድ ቤት ቀድታ ትገባለች።

«ልጄ፣ ማኅተሟ እንዴት ሆነች?»

«እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን እኮ» ይላታል ኢታና። «እርስዎን በተሻለ ለማገልገል ነው።»

«እኔስ እንደ ድሮው ብታገለግሉኝም ይበቃኛል።»

«ኧረ እማማ፣ ራስዎን እንዲህ ዝቅ አያድርጉ።»

ኮሚቴውን የያዘው ነጩ ዳር ነበር። በፖስተሩና በፍሬሙ መካከል ዓይን እንዲያርፍ ነጭ ካርቶን ይገባል። ስፋቱ ስንት ጣት ይሁን? ጥያቄው ቀላል የሚመስለው እንደኔ ብዙ ላልተማረ ነው። አቶ ደምሰው ቢሮ የተሰቀለው የምስክር ወረቀታቸው ነጭ ዳር አራት ጣት ነው። ፖስተሩ ደግሞ ከበላይ የመጣ ነው። ከእሳቸው ቢያንስ ነውር፣ እኩል ቢሆን ድፍረት። ስለዚህ አንድ ስንዝር ተባለ። በመጨረሻ የፋይናንሱ ሰው፣ «ጎረቤት መሥሪያ ቤት ስንዝር ቢያደርግስ?» ሲል ሁሉም ደንግጦ ልኬቱን ሰረዘ። አንድ ክንድ ሆነ፤ በአራቱም በኩል።

ጎፋ ያለው ፍሬም ሠሪ መሐሙድ ልኬቱን ሰምቶ፣ «የምሠራው ፍሬም ነው ወይስ በር?» አለ።

«ውሳኔ ነው» ተባለ። ወርቃማ ቀለም ቀብቶ አሳምሮ ሠራው።

በጭነት መኪና መጣ፤ ጎረምሶች ተጋግዘው አስገቡት። ኮሚቴው ሁሉን ሲለካ ግድግዳውን ብቻ አልለካም። የሰው ልጅ ነው፣ ሁሉን አያስብም። ተዙሮ ተዙሮ ያን ፍሬም የሚችል አንድ ግድግዳ ተገኘ፤ ተገልጋይ የሚስተናገድበት መስኮት ያለበት። መስኮቱ ከነብረቱ ፍሬሙ ጀርባ ገባ። አቶ ደምሰው ሪባን ቆርጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎታችን መልክ አግኝቷል» አሉ፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ገዲሴ መጣች። ኢታናም ኮሚቴውን ጨርሶ ማኅተሙን አውጥቶ ከፖስተሩ ጀርባ ተቀምጧል። መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች።

«ማነው?» አለ፣ ፈገግ ካለችው ልጅ በስተጀርባ።

«ገዲሴ ነኝ። ለዚያች ማኅተም።»

«እማማ፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ከፊትዎ የተሰቀለውን ያንብቡ።»

ገዲሴ አነበበች። ጄሪካኗን መሬት አስቀምጣ ደግማ አነበበች።

«ልጄ፣ አንተ ከጀርባው ሆነህ አላየኸውም መሰለኝ። እስቲ ብቅ ብለህ አንብበው።»

ኢታና ጨዋ ልጅ ነው፤ በጓሮ በር ዞሮ መጣ። አጠገቧ ቆሞ አነበበ። ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየችና ተመስገን፣ ገባው፣ አለች በልቧ።

«እማማ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በግራ በኩል ትንሽ አልዘመመም?»

ማኅተሙ ተቆለፈ። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ።