ከብርጭቆው ሥር ያለው መስመር

ጠረጴዛ ከብበው ታሪክ እየፈጠሩ በሚጫወቱ ሰዎች መሀል አንድ መሸነፍ የማይወድ ሰው አይጠፋም። የእኛዋ እመት ጉልበት ትባላለች፤ ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን። በሥራ ቀን ሆስፒታል ውስጥ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን መራመድ ታለማምዳለች። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እኛ ሳሎን መጥታ ግዙፍ ሴት ትሆናለች።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ሁሉም የየራሱን ሰው ይፈጥራል፣ ብርታቱንና ድክመቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ዳይስ እየጣለ በምናብ መንገድ ይጀምራል። እኔ በጨዋታው አንካሳ ነኝ፤ ገና በመጀመሪያው ጉዞ እግሬ ተሰብሯል። ባለቤቴ ጨለማ ትፈራለች። ሒሳብ አስተማሪው ጎረቤታችን ሰው ፊት አፉ ይታሰራል። የክብርት እመት ጉልበት ግዙፍ ግን ተራራ ትገፋለች። ድክመቷን ስንጠይቃት "የለኝም" ብላ የሻይ ብርጭቆዋን ወረቀቱ ላይ ታስቀምጣለች።

"ድክመት የሌለው ሰው ምን ጥልቀት አለው?" እላታለሁ።

"ደካማማ ሥራ ቦታዬ ሞልቶልኛል። ደግሞስ አንተን ማን ይሸከምህ?"

ነገሩ ግን ከልቤ ያብሰለስለኝ ነበር። ሰውን ጥልቅ የሚያደርገው የጎደለው ነው ወይስ የሞላው?

ባለፈው ወር ተባበርንባት። "ወይ ድክመት ጻፊላት፣ ወይ ግዙፏን ተያት" አልናት። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሳምንቱ ሳል የያዘው ፈሪ ፖስተኛ ይዛ መጣች። እኛም ደስ አለን።

ከዚያ ወንዝ ገጠመን። እኔ ስለ እግሬ ረጅም ንግግር አደረግኩ። ባለቤቴ ሊመሽ ነው ብላ ተንቀጠቀጠች። አስተማሪው መላ ነበረው፤ ግን ዋጠው። ፖስተኛው ሳለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ በየድክመታችን ስንጠልቅ ቆየን፣ አንድም ሰው አልተሻገረም።

"እሺ፣ ግዙፏን መልሻት" አልኩ በመጨረሻ። አፍሬያለሁ።

ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። በዚህ ጊዜ ብርጭቆው ላዩ ላይ አልነበረም። በድክመቱ መስመር ላይ፣ የሻይ ክብ መሀል፣ በደበዘዘ እርሳስ "እነዚህን ሦስቱን ጥላ መሄድ አትችልም" ይላል።

"መቼ ነው የጻፍሽው?"

"እግርህ የተሰበረ ዕለት። በል ዳይሱን ጣል፣ ውሃው እየሞላ ነው።"

አንድ በአንድ ተሸክማ አሻገረችን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሻይዋን የምቀዳላት እኔ ነኝ፤ ብርጭቆውንም መስመሩ ላይ አስተካክዬ አስቀምጥላታለሁ።