የእትዬ አሳየች አሸኛኘት

መንገደኛ ባለበት አገር ሁሉ ሳይጠሩት የሚደርስ አንድ ሸኚ አለ። ሻንጣ ያለ እሱ አይዘጋም፤ መኪና ያለ እሱ ትእዛዝ አይንቀሳቀስም። በሳዑዲ፣ በደማም ከተማ፣ የአል ጀለዊያ ሰፈር ሐበሻ ደግሞ የሸኚዎችን ሁሉ የበላይ፣ ክብርት እትዬ አሳየችን ታድሏል።

እትዬ፣ እዚህ ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከማኅደር ዘንድ ሊጦሩ መጥተው እኛን ማዘዝ ያዙ። በወጣትነታቸው፣ አገር ቤት፣ በዚያ በጦርነት ዘመን፣ ከጥገና የወጡ አውሮፕላኖችን ወደ ግንባር በሚያደርስ የሴቶች ቡድን ውስጥ ቴክኒሻን ነበሩ። "እኛ አደረስን፤ ሜዳሊያውን ወንዶቹ ወሰዱት!" ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አውሮፕላን ነው። ታክሲ ሳይሳፈሩ ዙሪያውን ዞረው ጎማውን በእግራቸው ይጠልዛሉ። ተሳፋሪውን በክብደቱ ይደለድላሉ። "ሚዛን ካልያዘ አይነሳም!" እኔን ዘወትር ከኋላ መሀል ነው የሚወሽቁኝ። አንዴማ ሊፍት ውስጥ አንድ ግዙፍ ሳዑዲያዊን "አንተ፣ ወደ ግራ!" አሉት። ሰውየው አማርኛ ሳያውቅ ተጠጋ።

በቅርቡ ጀነትን ልንሸኝ ወጣን። ጀነት አል ራዋቢ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። እናቷ ደሴ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። በአካባቢው ጦርነት ሳቢያ ተዘግቶ የሰነበተው ሰማይ ያን ቀን ተከፈተ፤ ኹሩጇ፣ የመውጫ ፈቃዷ፣ የሚያበቃውም በዚያው ቀን ነው። በረራው ካመለጣት ኸላስ፣ አበቃ፤ እንደገና የአሠሪዋን፣ የካፊሏን ደጅ መጥናት ነው። መንገዱን ሙሉ እልልታና ጭብጨባ ሆነ።

ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ስንደርስ ግን ጀነት የመኪናውን በር ጨምድዳ ያዘች።

"ወላሂ አልወርድም! ሰማይ ላይ እያለሁ ሚሳይል ቢመጣስ?"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ እህቴ" አለ ሾፌራችን ነጅሙዲን።

"አንተማ መሬት ላይ ነው የምትቀረው!"

እትዬ ይቆጣሉ ስል አጠገቧ ተጠጉ። "እኔም እፈራ ነበር" አሉ። ይህን ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። "መፍራቴን አብራሪዋ አየችና 'ክንፉን ጠብቂልኝ' አለችኝ። ሥራ የያዘ ሰው ለፍርሃት ጊዜ የለውም። አንቺም መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ክንፉን ጠብቂልኝ። ስትደርሺ ሪፖርት እፈልጋለሁ!"

"ቢነቃነቅስ፣ እትዬ?"

"ይነቃነቃል። አይዞህ በይው።"

ጀነት ፊቷን በሻርፗ ጠረገች፤ ወረደች፤ ሻንጣዋን እየጎተተች ሮጠች።

በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እትዬን ከበባቸው።

"እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አውሮፕላኑን አዲስ አበባ አድርሻለሁ! ክንፉ ደመና ውስጥ ተነቃነቀብኝ፤ አይዞህ ብየዋለሁ። አሁን ወደ ደሴ፣ ወደ እናቴ እየሄድኩ ነው!"

እልልታው ቀለጠ። "ዝም በሉ፣ አልሰማሁም!" አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ ደግመው ከፈቱት፤ ደግሞም ደገሙት።

እኔ አገሬ ለመግባት ገና ነኝ። የምጠብቀውን የግራውን ክንፍ ግን ከወዲሁ እትዬ ዘንድ አስይዣለሁ።